የማርሲኔል የከሰል ጉድጓድ፤ አሠራሩና ታሪኩ

በቤልጅግ አገር፤ ሻርለሯ በምትባለው ከተማ አጠገብ፤ ማርሲኔል በሚባለው ስፍራ «ቧ ዱ ካዝዬ» የሚባል የድንጋይ ከሰል ማውጫ ነበረ። በነሐሴ 2 ቀን 1948 ዓመተ ምሕረት፤ ማለት በአውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 8 ቀን 1956፤ በዚህ ጉድጓድ ውስጥ በተነሣው እሳት 262 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል ከግማሽ የሚበልጡት፤ ይኸውም 136ቱ፤ ኢጣልያውያን ነበሩ።

ስለዚህ አደጋ በዚያን ጊዜ በየአገሩ ብዙ ተጽፎአል፤ ብዙም ተለቅሶአል። ነገር ግን ልቅሶው ካለፈ በኋላ ለአስተዳዳሪና ለነጋዴ የሚቀረው ትምህርት እሳቱ በተነሣበት ቀን ብቻ የሚገኝ አይደለም። ከእሳቱ 10 ዓመት አስቀድሞ ሁለት መንግሥታት ተዋውለው ነበር፤ በውሉም በአንድ ወገን ሰው፤ በሌላው ወገን ከሰል ተቆጥሮአል። ስለዚህ ነገሩን በሚገባ ለመረዳት የከሰል ጉድጓድ እንዴት እንደሚሠራ፤ ሰዎቹም ከሩቅ አገር ወደዚያ ጥልቀት እንዴት እንደ ደረሱ አስቀድሞ መመልከት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከሰሉና አገሩ

የድንጋይ ከሰል ከ300 ሚልዮን ዓመት ገደማ በፊት በረግረግ ምድር በቅለው የወደቁ ዕፀዋት፤ አፈርና ድንጋይ ተጭኖአቸው፤ የምድር ሙቀትም አብስሎአቸው የተገኘ ነው። በደቡብ ቤልጅግ የከሰሉ ንብርብር ከሞንስ አካባቢ ተነሥቶ በሻርለሯ በኩል አልፎ የሳምብርንና የሜዝን ወንዞች ተከትሎ እስከ ልየዥ ድረስ ይዘረጋል። የዚያ አገር ሰዎች ከሰልን ከብዙ መቶ ዓመት ጀምሮ ሲቈፍሩ ኖረዋል። ቤልጅግም ከእንግሊዝ ቀጥሎ በአውሮፓ ምድር ከሁሉ ቀድማ የፋብሪካ አገር ለመሆን የቻለችው፤ የብረት ማቅለጫውም፤ የመስተዋት ፋብሪካውም፤ የባቡሩም ሥራ የቆመው በዚህ ከሰል ላይ ነው።

ሆኖም የዚህ አገር ከሰል በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። ንብርብሩ ቀጭን ነው፤ በብዙ ስፍራም ከ1 ሜትር ያነሰ ውፍረት አለው። ምድሩ በጥንት ዘመን በመጨማደዱ ንብርብሩ አንዳንድ ጊዜ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አንዳንድ ጊዜም ተቈርጦ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት በሌላ አገር በትልልቅ መኪና የሚሠራውን ሥራ የቤልጅግ ቈፋሪ በጐኑ ተኝቶ ወይም ተንበርክኮ በእጁ ይሠራው ነበር። ለፊቱ ቅርብ የነበረው ከሰል ካለቀ በኋላም ጉድጓዱ በየዘመኑ እየጠለቀ ሄደ።

የቧ ዱ ካዝዬ ጉድጓድ እንዲቈፈር ፈቃድ የተሰጠው በ1822 ነው። በዚያን ጊዜ ቤልጅግ ገና ራሷን የቻለች መንግሥት አልነበረችም፤ ከሆላንድ ጋራ በአንድ ንጉሥ ትገዛ ነበር። ከ130 ዓመት በኋላ ሥራው ከምድር በታች እስከ 1,035 ሜትር ድረስ ወርዶ ነበር። ከሁለቱ አሮጌ ጉድጓዶች ሌላ ከዚህም ጥልቀት የሚያልፍ ሦስተኛ ጉድጓድ እየተቈፈረ ነበር። በ1955 በዚህ ማውጫ 779 ሰዎች ይሠሩ ነበር፤ በዚያውም ዓመት ከ170 ሺሕ ቶን የሚበልጥ ከሰል አወጡ። ይህ ለአንድ ሰው ሲከፋፈል በዓመት 219 ቶን ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

የጉድጓዱ አሠራር

የከሰል ማውጫ በውጭ ቆሞ ለሚያየው ሰው ረዥም የብረት ማማና በጫፉ ላይ የሚሽከረከሩ መንኰራኩሮች ብቻ ናቸው፤ ዋናው ሥራ ግን ከምድር በታች ነው። እንደዚህ ያለ ጥልቅ ማውጫ ቢያንስ ሁለት ቀጥ ብለው የሚወርዱ ጉድጓዶች ያስፈልጉታል። በአንደኛው ንጹሕ አየር ይወርዳል፤ የተበላሸው አየር ደግሞ በትልቅ ማራገቢያ እየተሳበ በሁለተኛው ይወጣል። በልዩ ልዩ ጥልቀት ላይ ከጉድጓዶቹ እየተነሡ ወደ ከሰሉ የሚያደርሱ አግድም ዋሻዎች አሉ። አየሩ መንገዱን እንዳይስት በየዋሻው በሮች ይዘጋሉ፤ ይከፈታሉ።

ከዚህ የሚነሣ አንድ ነገር በሚገባ መታወቅ አለበት። ንጹሕ አየር የሚወርድበት ጉድጓድ በታች ላሉት ሰዎች ሁሉ ጉሮሮአቸው ነው። አየሩ ወደ ላይ በሚወጣበት ጉድጓድ እሳት ቢነሣ ጢሱ ወደ ሰማይ ይሄዳል። አየሩ በሚወርድበት ጉድጓድ እሳት ቢነሣ ግን ጢሱ አየሩን ተከትሎ ወደ ሠራተኞቹ ይሄዳል፤ በየዋሻውም ገብቶ ያገኛቸዋል።

ሰውም፤ ከሰል የተጫነበት ፉርጎም፤ የሚወርደውና የሚወጣው በብረት አሳንሰር ነው። አሳንሰሩ ከአንድ የበለጠ ደርብ አለው፤ በላይ ባለው ትልቅ ሞተር በወፍራም ገመድ ይሳባል፤ አንዱ ሲወጣ ጓደኛው ይወርዳል። በየጥልቀቱ ደጃፍ አንድ ሠራተኛ ቆሞ ሙሉውን ፉርጎ ወደ አሳንሰሩ ይገፋል፤ የሚገባው ፉርጎም ባዶውን ገፍቶ በወዲያ ማዶ ያስወጣዋል። ሞተሩን የሚነዳው ሰው በላይ ተቀምጦ ወደ ታች አንዳች አያይም። የሚያውቀው በደወል ምልክት ብቻ ነው። ስለዚህ በታች ያለው ሰውና በላይ ያለው ሰው ምልክቱን በአንድ ዓይነት ትርጕም መረዳታቸው የሁሉም ሕይወት የሚጠበቅበት ነገር ነው።

ከሰሉ በሚቈረጥበት ስፍራ ቈፋሪው በታመቀ አየር የሚሠራ መዶሻ ይይዛል፤ አየሩም ከላይ በብረት ቧንቧ ይመጣለታል። ከሰሉን ባወጣ ቍጥር ጣራው እንዳይወድቅ በእንጨት ምሰሶ ይደግፈዋል። ሙቀቱ በየ100 ሜትሩ ጥልቀት 3 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር ብዙዎች ወገባቸው ድረስ ዕራቁታቸውን ይሠራሉ። ሥራው በቀንና በሌሊት በተራ ይከፈላል፤ አንደኛው ክፍል ከሰል ሲቈርጥ ሌላው መንገዱን ያድሳል፤ ምሰሶውን ያስተካክላል፤ ባዶ የሆነውን ቦታ በድንጋይ ይሞላል።

ከሰል ባለበት ሁሉ ሜታን የሚባል ጋዝ ይገኛል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ከአየሩ ውስጥ ከመቶ 5 እስከ 15 እጅ ያህል ሲሆን በአንዲት የእሳት ብልጭታ ይፈነዳል። እንግሊዛዊው ሊቅ ሃምፍሪ ዴቪ በ1815 ነበልባሉ በሽቦ ወንፊት የተከበበ ፋኖስ የሠራው ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ፋኖሱ አደጋውን ቀነሰው እንጂ አላጠፋውም። በሰሜን ፈረንሳይ በኩርየር በ1906 በአንድ ቀን ፍንዳታ 1,099 ሰዎች ሞተዋል። ከዚህም ሌላ እሳት በተዘጋ ስፍራ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ይወጣል፤ ይህም ሰውን ሳያስነጥሰውና ሳያስለው አደንዝዞ የሚገድል ነው።

አቧራውም ሌላ ጠላት ነው። የድንጋይ አቧራ በሳምባ ውስጥ ተቀምጦ ሲሊኮሲስ የሚባለውን በሽታ ያመጣል። ይህ በሽታ ሰውን በአንድ ቀን ሳይሆን በ15 ወይም በ20 ዓመት ይገድላልና በአደጋ መዝገብ አይጻፍም። ቤልጅግ የማዕድን ሠራተኞች የሥራ በሽታ መሆኑን በሕግ የተቀበለችው በ1964 ነው፤ ይህም ከብዙ ጐረቤቶቿ በኋላ ነበር።

ሰውና ከሰል የተለዋወጡበት ውል

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ አውሮፓ ሁሉ ብርድ ይዞት ነበር፤ ፋብሪካውም ባቡሩም የሚፈልገው ከሰል ነበር። የቤልጅግ ጠቅላይ ሚኒስትር አሺል ቫን አከር በ1945 «የከሰል ጦርነት» ብለው ሕዝቡን ለሥራ ጠሩ። ይሁን እንጂ የአገሩ ሰው የአባቶቹን ሳልና ሞት ያውቃልና ልጆቹን ወደ ጉድጓድ ለመላክ አልፈቀደም። ለጊዜው የጀርመን ምርኮኞች ይሠሩ ነበር፤ እነዚህ ግን ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ቀን ቀርቦ ነበር።

በዚያው ወራት ኢጣልያ የተገላቢጦሽ ችግር ነበረባት። ሰው ሞልቶ ሥራ ጠፍቶአል፤ ፋብሪካዎቿ ቆመዋል፤ ከሰል ግን የላትም። ሁለቱ መንግሥታት ይህን አይተው በጁን 23 ቀን 1946 ተዋዋሉ። ኢጣልያ 50 ሺሕ ሠራተኞች ለመላክ፤ ቤልጅግም በተላኩት ሰዎች ቍጥር ልክ ለኢጣልያ ከሰል ለመሸጥ ቃል ገቡ። ከሰሉ በነፃ የሚሰጥ ሳይሆን በዋጋ የሚሸጥ ነበር፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ገንዘብ ያለውም ሰው ከሰል አያገኝም ነበርና የመግዛት መብት ራሱ ትልቅ ዋጋ ነበረው። ውሉ በኢጣልያ ሕዝብ ዘንድ «የሰውና የከሰል ውል» ተባለ።

በየመንደሩ ሮዝ ቀለም ያለው ማስታወቂያ ተለጠፈ። ማስታወቂያው ስለ ደመወዙ፤ ስለ ዕረፍቱ ቀን፤ ለቤተሰብ ስለሚሰጠው ድጎማ፤ በነፃ ስለሚሰጠውም የባቡር ጉዞ በሰፊው ይናገራል፤ ሥራው ከምድር በታች ምን እንደሚመስል ግን እምብዛም አይገልጽም። ዕድሜአቸው ከ35 ዓመት ያልበለጠ ጤነኞች እየተመረጡ በሚላኖ የባቡር ጣቢያ ተመረመሩ፤ ከዚያም በረዥም ባቡር ወደ ሰሜን ተላኩ። አብዛኞቹ ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ነበሩ እንጂ ማዕድን ቈፍረው አያውቁም።

በደረሱበትም አገር ብዙዎቹ ያደሩት አስቀድሞ የጦር ምርኮኞች በታሰሩባቸው የቆርቆሮና የእንጨት ቤቶች ውስጥ ነው። ውሉ ቢያንስ ለአንድ ዓመት በጉድጓድ ውስጥ መሥራትን ያስገድድ ነበር። ፈርቶ አልወርድም ያለ ሰው ሌላ ሥራ መያዝ አይፈቀድለትም፤ አንዳንዶቹም በብሩክሴል «ፕቲ ሻቶ» በተባለው የወታደር ሰፈር ታስረው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ፈረንሳይኛ የማያውቀው ሰው ሥራውን የሚማረው ከጓደኛው እያየ ነበር። አገራችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ምሳሌ ለዚህ ውል የተነገረ ይመስላል። የከሰሉ ቶን፤ የሰዎቹም ቍጥር በጥንቃቄ ተመዝግቦ ነበር። ሰው የሚወርድበት ጉድጓድ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚመረምርና «በዚህ አይወርድም» የሚል ባለሥልጣን ግን በውሉ ውስጥ በሚገባ አልተመደበም።

ኦገስት 8 ቀን 1956

በዚያን ቀን ጧት 275 ሰዎች ወደ ጉድጓዱ ወረዱ። ከጧቱ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ሲሆን በ975 ሜትር ጥልቀት ላይ አንድ ሙሉ ፉርጎ ወደ አሳንሰሩ ሲገፋ ባዶው ፉርጎ በሚገባ ሳይወጣ ቀረ። ሁለቱም ፉርጎዎች ግማሽ ጐናቸው ከአሳንሰሩ ውጭ እንደ ሆነ፤ በላይና በታች ባሉት ሰዎች መካከል በምልክቱ ላይ አለመግባባት ሆኖ አሳንሰሩ ወደ ላይ ተነሣ።

ወደ ውጭ የወጣው የፉርጎ ጫፍ አንድ አግዳሚ ብረት መታ። ብረቱም በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ጐን ለጐን የተዘረጉትን ነገሮች በአንድ ጊዜ ቈረጠ፤ እነርሱም በኃይል የሚገፋ ዘይት ያለበት ቧንቧ፤ የኤሌክትሪክ ገመዶች፤ የስልክ ሽቦዎችና የታመቀው አየር ቧንቧ ናቸው። ከኤሌክትሪኩ ብልጭታ ወጣ፤ ዘይቱ ተቀጣጠለ፤ የታመቀው አየር እንደ ወናፍ አናፋው፤ በአካባቢው የነበረው እንጨትም ነደደ። ይህ ሁሉ የሆነው አስቀድሞ እንደ ተናገርነው ንጹሕ አየር በሚወርድበት ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ጢሱና መርዙም አየሩን ተከትሎ ወደ ሠራተኞቹ ሄደ።

በመጀመሪያው ሰዓት ጥቂቶች ወጡ፤ ጥቂቶችም በኋላ ተገኙ፤ የዳኑት በጠቅላላው 13 ሰዎች ብቻ ናቸው። ሁለቱ ጉድጓዶች በእሳትና በጢስ ስለ ተያዙ መንገዱ ተዘጋ። የእርዳታ ሰዎች ከቤልጅግ፤ ከፈረንሳይና ከጀርመን መጥተው ቀንና ሌሊት ሠሩ። ንጉሥ ቦዱወንም ወደ ስፍራው መጡ። ሚስቶችና እናቶች በማውጫው የብረት አጥር ላይ ተደግፈው ለሁለት ሳምንት ያህል ጠበቁ።

ከታች የቀሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዳልሞቱ በኋላ ታውቆአል። በአንድ ሳንቃ ላይ በጠመኔ የተጻፈ መልእክት ተገኝቶአል። መልእክቱም ወደ 50 የሚሆኑ ሰዎች ከጢሱ የተነሣ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ መሆናቸውን ይገልጻል፤ የተጻፈበትንም ሰዓት ያመለክታል፤ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። እሳቱ ከተነሣ 5 ሰዓት አልፎ እነዚህ ሰዎች በሕይወት ነበሩ፤ ያሉበትንም ቦታ ለማስታወቅ ልብ ነበራቸው ማለት ነው።

በኦገስት 22 ሌሊት ለ23 አጥቢያ የእርዳታ ሰዎች ወደ 1,035 ሜትር ደረሱ። ከእነርሱ አንዱ ወደ ላይ በወጣ ጊዜ በኢጣልያንኛ «ቱቲ ካዳቬሪ» አለ፤ «ሁሉም ሬሳ ናቸው» ማለቱ ነው። ከ262ቱ ሟቾች 136ቱ ኢጣልያውያን፤ 95ቱ የቤልጅግ ሰዎች ነበሩ፤ የቀሩት 31 ሰዎች ከሌሎች 10 አገሮች የመጡ ነበሩ። ከኢጣልያውያኑ 60ው የአብሩዞ ክፍለ ሀገር ሰዎች ናቸው። በዚያ ክፍለ ሀገር ከምትገኘው ከትንሿ ማኖፔሎ ብቻ ከ20 በላይ ወንዶች ሞተዋል። ያለ አባት የቀሩትም ሕፃናት ከ400 ይበልጣሉ።

ምርመራውና ፍርዱ

ምርመራው የተገለጠ ነገር አገኘ። ዘይት፤ ኤሌክትሪክና የታመቀ አየር በአንድ ስፍራ ጐን ለጐን መዘርጋታቸው፤ በዙሪያቸውም የሚነድ እንጨት መኖሩ፤ የምልክቱም ሥርዓት ለስሕተት የተጋለጠ መሆኑ ታወቀ። ከእነዚህ አንዱም ከዚያ በፊት በማዕድን ሊቃውንት ዘንድ የማይታወቅ አደጋ አልነበረም። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ በአንድ ቦታ ሲሰበሰቡ ግን አንድ ፉርጎ የ262 ሰዎችን ሕይወት ለማጥፋት በቃ።

በ1959 በሻርለሯ የተሰየመው ፍርድ ቤት ተከሳሾቹን ሁሉ በነፃ ለቀቀ። በ1961 ግን የይግባኙ ፍርድ ቤት የማውጫውን የሥራ ዲሬክተር ጥፋተኛ ብሎ የ6 ወር እስራትና የ2,000 ፍራንክ መቀጫ ፈረደበት፤ እስራቱም በገደብ ስለ ነበር ወህኒ ቤት አልገባም። በዚያ ፍርድ የሟቾቹ ቤተሰቦች እንዳልረኩ የታወቀ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነው

ኢጣልያ ከአደጋው በኋላ ሠራተኞቿን ወደ ቤልጅግ ጉድጓዶች መላክ አቆመች። ቤልጅግም በዚያው ዓመት ከእስፓኝ ጋራ፤ በሚከተለው ዓመት ከግሪክ ጋራ፤ በ1964 ደግሞ ከሞሮኮና ከቱርክ ጋራ ተዋዋለች። ይህም ነገሩን በግልጥ ያሳያል፤ አንዱ ሻጭ ገበያውን በዘጋ ጊዜ ገዢው ወደ ሌላው ገበያ ሄደ።

ሌላው ውጤት ግን ጠቃሚ ሆኖአል። የአውሮፓ የከሰልና የብረት ማኅበር በሆኑት ስድስት አገሮች መካከል የማዕድን ደኅንነት ጉባኤ ተደረገ፤ ከዚህም በ1957 አንድ ቋሚ የደኅንነት ኮሚሲዮን ተቋቋመ። ኮሚሲዮኑ በጉድጓድ ውስጥ በሚሠሩ መኪናዎች የሚነደው ዘይት በማይነድ ፈሳሽ እንዲለወጥ፤ ጉድጓዶቹ ከእሳት እንዲጠበቁ፤ የእርዳታ ጓዶችም ድንበር ተሻግረው እንዲረዳዱ ሠራ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ይህ ሁሉ የመጣው ከአደጋው በኋላ ነው፤ ሆኖም በሌላ ጉድጓድ የሚወርዱትን ሰዎች ጠቅሞአል።

የቧ ዱ ካዝዬ ማውጫ በ1957 እንደገና ሥራ ጀመረ፤ በ1967ም ለዘለቄታው ተዘጋ። በዚያን ጊዜ ነዳጅ ዘይትና ከባሕር ማዶ የሚመጣው ርካሽ ከሰል የቤልጅግን ከሰል ገበያ ወስደውበት ነበር። በዚያው በሻርለሯ አካባቢ የመጨረሻው ጉድጓድ በ1984፤ በመላው ቤልጅግ ደግሞ የመጨረሻው በ1992 ተዘግቶአል። ሰው በጥድፊያ የተላከለት ከሰል ከውሉ በኋላ 50 ዓመት እንኳ ገበያ ላይ አልቆየም።

የማውጫው ስፍራ ከ2002 ጀምሮ ቤተ መዘክር ሆኖአል። በ2012 ደግሞ ዩኔስኮ ከሌሎች ሦስት የቤልጅግ ማውጫዎች ጋራ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የኢጣልያ መንግሥትም በ2001 ኦገስት 8 በየአገሩ በሥራ ላይ ለሞቱት ኢጣልያውያን የመታሰቢያ ቀን እንዲሆን ወስኖአል።

የማርሲኔል ነገር ለአስተዳዳሪና ለነጋዴ የሚነግረው ይህ ነው። ሠራተኛን ወደ ውጭ አገር መላክ በራሱ ክፉ ሥራ አይደለም፤ ከእነዚያ ኢጣልያውያን ብዙዎቹ በልፋታቸው ቤተሰባቸውን አሳድገዋል፤ ልጆቻቸውም ዛሬ በቤልጅግ የተከበሩ ዜጎች ናቸው። ነገር ግን ስለ ዕቃ የሚጻፍ ውል ሚዛኑን፤ ዓይነቱንና የማስረከቢያውን ቀን ከተናገረ ይበቃዋል። ስለ ሰው የሚጻፍ ውል ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። የሥራው ቦታ በማን እንደሚመረመር፤ ሠራተኛው ሥራውንና ምልክቱን በሚሰማው ቋንቋ ማን እንደሚያስተምረው፤ አደጋ ያየ ሰው አልወርድም ቢል ምን እንደሚደረግለት፤ ቢሞት ወይም ቢታመም ለቤተሰቡ ማን እንደሚከፍል፤ ይህ ሁሉ ከመፈረሙ በፊት በቍጥርና በስም መጻፍ አለበት። በ1946 ከእነዚህ ይልቅ የከሰሉ ቶን በግልጥ ተጽፎ ነበር፤ ኢጣልያም ያን ከሰል ተቀብላለች።